ከአርባ ምንጭ እስከ ሞያሌ በስኩተር፦ ስለ ቺንጊያ፣ አቧራና ቤንዚን

የኮንሶ፣ የደቡብ ኦሞና የቦረና መንገድ በ125 ሲሲ ስኩተር ይሄዳል። ዋናው መስመር አስፋልት ስለሆነ ጉልበቱ ይበቃል። የሚፈታተነው ሙቀቱ፣ አቧራውና በከተሞች መካከል ያለው የቤንዚን ክፍተት ነው። ዝግጅቴንም ያደረግሁት በእነዚህ በሦስቱ ላይ ነበር።

መስመሩ ከአርባ ምንጭ ተነስቶ በኮንሶ፣ በወይጦ፣ በቀይ አፈር፣ በዲመካና በቱርሚ አድርጎ ኦሞራቴ ይደርሳል። ከዚያ በዚያው ወደ ኮንሶ ተመልሶ ወደ ያቤሎ ይታጠፍና በዱብሉቅና በሜጋ ሞያሌ ይገባል። ከቱርሚ በአርቦሬ በኩል የሚያቋርጥ ፒስታ (አስፋልት ያልሆነ መንገድ) አለ፤ መንገዱን ያሳጥራል፣ ግን አሸዋ ስለሚበዛበት ለ10 ኢንች ጎማ አይመከርም። ትንሽ ጎማ አሸዋ ውስጥ ይቀበራል እንጂ አይንሳፈፍም።

ጊዜውን በአዲስ አበባ ሰማይ አትለኩ። የቦረና ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ትንሹ ደግሞ በጥቅምት አካባቢ ይመጣል። ደጋው ክረምት ውስጥ ሲሆን ቦረና ደረቅ፣ ደመናማና ነፋሻ ነው። ስለዚህ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን እመርጣለሁ፤ ዝናቡ የሚያስቸግረው ከአዲስ አበባ እስከ አርባ ምንጭ ባለው መንገድ ብቻ ነው። በዝናብ ወራት የደረቀ የሚመስል የአሸዋ ወንዝ ውስጥ አትቁሙ፤ እናንተ ያላችሁበት ሳይዘንብ ከላይ የዘነበው በደቂቃዎች ይደርሳል።

ከሁሉ በፊት ካርቡራተሩ ይታይ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ኦሞራቴ 400 ሜትር አትሞላም። አዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ ብዙ መካኒኮች ቤንዚን የምታሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ብሎን በትንሽ ቀዳዳ ይለውጧታል። ቆላ ሲወረድ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ግን ያው ነው፤ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል። ምልክቱ ካንዴላ ላይ ነው፦ ጫፏ ቡናማ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል። የፋብሪካውን ብሎን ይዛችሁ ሂዱና አርባ ምንጭ ላይ መልሱት። የሞተር ዘይት ጠዋት ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ይለካ፤ አንድ ሊትር ገደማ ብቻ በሚይዝ ሞተር ውስጥ የ200 ሚሊ ሊትር ጉድለት ቀላል አይደለም።

ስኩተር ማርሽ ስለሌለው ኃይሉን ከሞተሩ ወደ ኋላ ጎማ የሚያስተላልፈው ቺንጊያ (የጎማ ቀበቶ) ነው፤ ይህ ጉዞ የሚሳካው ወይም የሚበላሸው እዚያ ነው። ከመነሳቴ በፊት አዲስ አስገብቼ፣ ያልተሰነጠቀውን አሮጌውን መጠባበቂያ አድርጌ ያዝሁ። አቧራ በቺንጊያው ሳጥን ማቀዝቀዣ ቀዳዳ ገብቶ ቺንጊያውን ያንሸራትታል፣ ይፈጀዋል። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ቆማችሁ ክፈቱት። በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ፤ ዘይትም ግሪስም የመዘውሩን ፊት አይንካ።

መንገድ ላይ ቺንጊያ ሲቀየር ብዙ ሰው የሚሳሳትባት አንዲት ቦታ አለች። አዲሱን ስታስገቡ የኋላውን መዘውር በእጅ ፈልቅቃችሁ ቺንጊያውን ወደ ውስጥ አስምጡት፤ ያኔ ከፊት በኩል ይላላል። ሳይላላ የፊቱ ብሎን ከታሰረ ቺንጊያው በፊተኛው መዘውር ሁለት ሳህኖች መካከል ይቀረቀራል። ብሎኑ የጠበቀ ይመስላል፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲሄድ ይላላና የዘንጉን ጥርስ ይበላዋል። ከዚያ በኋላ የሚያድናችሁ አይሱዙ ብቻ ነው። በቺንጊያው ላይ ያለው ቀስት ወደሚሽከረከርበት አቅጣጫ ማየት አለበት።

የአየር ማጣሪያው ስፖንጅ ከሆነ ፒስታ በተነዳ ቀን ሁሉ ማታ በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በጥቂት የሞተር ዘይት ይታሸት። ወረቀት ከሆነ ይራገፍ እንጂ አይታጠብ።

ጎማው ሌላ ነገር ነው። የባጃጅ ጎማ 8 ኢንች ነው፣ የተለመዱት ሞተሮች 17 እና 18 ናቸው፤ የስኩተር 10 ኢንች ካምራዳሪ በየጎሚስታው በቀላሉ አይገኝም። ሁለት ካምራዳሪ፣ ካምራዳሪ አልባ ከሆነ ደግሞ የመድፈኛ ገመድና የእጅ ፓምፕ ያዙ። የግራር እሾህ ሲወጋ ቶሎ አትንቀሉት፤ ጎማው ቀስ እያለ የሚተነፍስ ከሆነ እስከ ጥላ ወይም እስከ ቀበሌ ያደርሳል።

ቤንዚን ለማስላት በሊትር 35 ኪሎ ሜትር ያዝሁ፤ ጭነትና ንፋስ ስላለ ከዚያ በላይ አትተማመኑ። አምስት ሊትር በሚይዝ ሳልባታዮ 175 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከያቤሎ ሞያሌ ግን 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከኮንሶ ቱርሚም ቅርብ አይደለም። ስለዚህ የአምስት ሊትር ጄሪካን ግድ ነው። ማደያ መኖሩ ቤንዚን መኖሩን አያረጋግጥም፤ ባገኛችሁበት ሙሉ። በሃይላንድ ከሚሸጥ መግዛት ካስፈለገ ጠርሙሱን ጥቂት ደቂቃ አቁሙት፤ ውኃ ካለበት ከታች ይለያል። ሁለት ጠብታ ወረቀት ላይ ጣል አድርጉ፦ ንጹህ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፣ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት የቅባት ምልክት ይተዋል።

ጄሪካኑንና የመጠጥ ውኃውን በእግሮቻችሁ መካከል፣ ወለሉ ላይ እሰሩ። ከኋላ ከተጫነ የፊት ጎማው ይቀልላል፣ መሪው ይንቀጠቀጣል።

ከኮንሶ ወደ ወይጦ ቁልቁለቱ ረጅም ነው። ስኩተር ማርሽ ቀንሶ በሞተር መያዝ አይችልም፤ ጋዝ ሙሉ በሙሉ ሲለቀቅና ፍጥነቱ ሲወርድ ፍሪሲዮኑ ይለቅና ነጻ ይወርዳል። ገና ከላይ ስትነሱ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ጋዙን በጥቂቱ ከፈት እያደረጋችሁ ፍሪሲዮኑ እንደያዘ አቆዩት። ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ አድርጉ፤ ያለማቋረጥ የተያዘ ታምቡር ሸራው ግሎ መያዝ ያቆማል። እጀታው እየለሰለሰ ከመጣ ቁሙና ይቀዝቅዝ፣ ውኃ አታፍሱበት።

ቦረና ውስጥ ውኃ የሰው ሕይወት ነው። የዱብሉቅ ቱላ የሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ሰዎች ተደርድረው እየዘፈኑ ውኃ በእጅ የሚያቀባብሉባቸው ናቸው፤ ከብት የሚጠጣው በተራ ነው፣ ተራውንም አባ ሄሬጋ ያስተዳድራል። እሱን ሳትጠይቁ አትውረዱ፣ ካሜራም አታውጡ፤ ሞተር ለማጠብ ማሰብ ነውር ነው። በቀን ለአንድ ሰው አምስት ሊትር ከከተማ ይዛችሁ ውጡ። ጨው ቤት፣ ጨው የሚወጣበት የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ያለ ነው። ስኩተሩን አፋፉ ላይ ጠባቂ ሰጥታችሁ በእግር ውረዱ፤ ጨው የጫኑ አህዮች ሲወጡ መንገድ የእነሱ ነው። ግመል ሲያጋጥም ጥሩምባ አይነፋም፣ ሞተሩን ቀንሶ መጠበቅ ነው። ማታ አይነዳም፤ ከብቱ አስፋልቱ ላይ ይተኛል።

መንገዱ ሰላም መሆኑን በየከተማው ፖሊስ ጠይቁ፤ ከዚያ ደግሞ ከፊታችሁ ከሚመጡ የሚኒባስና የአይሱዙ ሾፌሮች አረጋግጡ። ሁለቱ ካልተስማሙ እደሩ። ኬላ ላይ ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ይጠየቃል፤ ሊብሬው በስማችሁ ካልሆነ ውክልና ያስፈልጋል።

ሞያሌ ለሁለት አገር የተከፈለች ከተማ ናት። ለእግረኛ ቀላል የሚመስለው ድንበር ለተሽከርካሪ የጉምሩክ ሰነድ ይጠይቃል፣ ኬንያም የሚነዳው በግራ ነው፤ እኔ ስኩተሩን ኢትዮጵያ በኩል አቆምሁ። ለመልሱ ጭነት አራግፎ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ ፈልጉ። ሳልባታዮውንና ካርቡራተሩን አፍስሱ፣ የባትሪውን ነጌቲቭ ንቀሉ፣ ስኩተሩን ሳታጋድሙ በዋናው ማቆሚያ አቁሙና በአራት ገመድ ከመሪውና ከኋላው ወጥሩት። ገመዱ ፕላስቲኩን ሳይሆን ብረቱን ይያዝ።