የአውሮፕላን ፓውዛ በጣና ላይ

ባሕር ዳር ላይ የባጃጅ መብራት እየጠገንኩ ነው የምኖረው። በቀደም ሁላችንም «ካፒቴን» የምንለው ጀልባ ነጂ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ተሸክሞ ሱቄ መጣ። ሲፈታው የአንድ አሮጌ አውሮፕላን የማረፊያ መብራት! በረራ ላይ ክንፍ ውስጥ ተሸሽጎ ይቆይና ለማረፍ ሲሉ ሞተር ገፍቶ የሚያወጣው ዓይነት። ከየት እንዳመጣው አልጠየቅሁም፤ እሱም አልነገረኝም።

«ከዘጌ ስመለስ ሲመሽብኝ ጉማሬ ላይ እንዳልወጣ፣ ጀልባዬ ላይ ግጠምልኝ።»

«ካፒቴን፣ ይሄኮ 600 ዋት ነው። የባጃጅ 35 ነው።»

«ታዲያ በለጠ እንጂ መች አነሰ!»

መከራዬን ያሳየኝ ሽቦው ነው። ባጃጅ ላይ በቀለም እለያለሁ፤ እዚህ ግን ሁሉም ነጭ! የአውሮፕላን ሽቦ የሚለየው በላዩ በታተመ ፊደልና ቁጥር ነው። በኤል የሚጀምረው የመብራት መስመር፣ መጨረሻው ላይ ኤን ያለበት ደግሞ ማሳ፣ ማለትም ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰው። ፊደሉ ደብዝዞ እሱን እስካነብ ዓይኔ ሊጠፋ! ሞተሩና አምፖሉ መስመራቸው ለየብቻ ነው፤ መብራቱ ገብቶ ሲከተት አምፖሉን የምታጠፋ ትንሽ ስዊችም አለች። ይህን ያሰበ ሰው ይባረክ።

ካፒቴን ግን ለአምፖሉ የቤት ማብሪያ ማጥፊያ ይዞ መጣ። «አምፖሉ ከ20 አምፔር በላይ ይስባል፣ ማብሪያው ውስጡ ቀልጦ ይጣበቅብሃል» ብዬ ብነግረው፣ «ሳሎኔ ውስጥ ስንት ዓመት ሠርቷል!» ብሎ ተቆጣኝ።

ከአሮጌ አይሱዙ የተነቀሉ ሁለት ባትሪዎች ቀጣጥለን 24 ቮልት አገኘን። አመሻሽ ላይ ሞከርነው። ሞተሩ እያቃሰተ አወጣው፤ አምፖሉ ቦግ!

የሐይቁ ዳር ቀን ሆነ። ለካስ በየዛፉ ሥር ጥንድ ጥንድ ሆነው ተቀምጠዋል! አንዷ ነጠላዋን ተከናነበች። አንዱ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። ጥበቃው ፊሽካውን ነፋ።

«አጥፋው!» አልኩ።

«ተጣብቋል!» አለኝ፣ እኔ እንዳልነገርኩት ሁሉ።

ነፋሱ ጀልባዋን ቀስ እያለ ያዞራታል፤ መብራቱም አንዱን ዛፍ ጨርሶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። የባትሪውን ራስ ልፈታ ስል ካፒቴን «ቆይ ላግዝህ» ብሎ መፍቻውን ሐይቅ ውስጥ ጣለው። የቀረን መፍትሔ መብራቱን ማስገባት ነው፤ ትንሿ ስዊች ትቆርጥልናለች። የማስገቢያውን ተጫንኩ። እሰይ፣ መግባት ጀመረ! መሃል ላይ ሲደርስ ባትሪዎቹ ደከሙ። ሞተሩ ቀጥ አለ፣ አምፖሉም እንደ ፍም ቀልቶ ቀልቶ ድርግም።

ከጨለማው ውስጥ አንድ ሰው አጨበጨበ።

የሥራዬን ስጠይቀው ካፒቴን ግማሹን ብቻ ቆጥሮ ሰጠኝ። «ቀሪውስ?» አልኩት። ግማሽ ወጥቶ ግማሽ ገብቶ ወደቀረው መብራት በአገጩ እያመለከተ፣

«ግማሽ ለገባ ግማሽ ነው የሚገባህ!»