ለአባባ የማነበው እንግሊዝኛ

ጎንደር፣ ግንቦት

ትናንት ማታ መብራት ጠፋ። ሻማ ለኮስኩና ከአባባ መደብ አጠገብ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። የያዝኩት ምንባብ ስለ አንድ ወንዝ ነው። አንድ አንቀጽ ድምፄን ከፍ አድርጌ በእንግሊዝኛ አነባለሁ፤ ከዚያ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። ጀልባዋን "ከረንት" ይዟት ሄደ የሚል ቦታ ስደርስ ግራ ገባኝ። እኔ ከረንትን የማውቀው በፊዚክስ ነው፣ በሽቦ ውስጥ የሚሄደውን። "ጀልባዋን ኤሌክትሪክ ወሰዳት" አልኳቸው።

አባባ ትንሽ ዝም አሉ።

"ልጄ፣ ወንዝ ላይ ኤሌክትሪክ ከየት መጣ?"

"እንጃ አባባ። እንደዚያ ነው የሚለው።"

"ቀሃ በክረምት ሲሞላ እንጨቱን የሚወስደው ምንድን ነው?"

"ውሃው።"

"የቆመ ውሃ እንጨት ይወስዳል?"

"አይወስድም። የሚሮጠው ነው። ፍሰቱ።"

"እንግዲያው እሱን ነው የሚልሽ።"

መዝገበ ቃላት ከፍቼ አየሁ። እውነታቸውን ነው። የውሃ ፍሰትም ከረንት ይባላል። በሽቦ ውስጥ የሚሄደውም ያው ፍሰት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በፊዚክስ ደብተሬ ላይ ስጽፈው የኖርኩት ቃል ምን ማለት እንደሆነ ትናንት ገባኝ። ያስረዱኝ አባባ ደግሞ እንግሊዝኛ አንድ ቃል አያውቁም። ይህን ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ነው ዛሬ ደብተሬን ያወጣሁት።

12ኛ ክፍል ነኝ። ለብሔራዊ ፈተናው ስድስት ሳምንት ያህል ቀርቶናል። ታላቅ ወንድሜ በ2015 ተፈትኖ ነበር። በዚያ ዓመት በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2014ም 3.3 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩን በዜና ስትሰማው ቁጥር ነው። ቤትህ ሲገባ ግን ሌላ ነው። ወንድሜ ውጤቱን በስልኩ አይቶ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ የወጣበትን ቀን አልረሳውም። እማዬ ቡና እያፈላች ነበር። ቡናውን ማንም አልጠጣውም። ከሁሉም ዝቅ ያለው እንግሊዝኛው ነበር።

እንግሊዝኛ ደግሞ አንድ ትምህርት ብቻ አይደለም። ናቹራልም ሆንክ ሶሻል ትፈተነዋለህ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉንም የምንማረው በእሱ ነው። የባዮሎጂ ጥያቄ የሚስተው ባዮሎጂ ስለማይታወቅ ብቻ አይደለም፤ ጥያቄው ራሱ ስላልገባም ነው። እኔ ይህን በራሴ አይቼዋለሁ። "ኤክሴፕት" ("በስተቀር") የምትለዋን ቃል ዘልዬ አልፌ የማውቀውን ጥያቄ ስቻለሁ።

ወንድሜ ያጠናበትን መንገድ እኔም ይዤው ነበር። በቴሌግራም የሚመጣ ወርክሺት በፒዲኤፍ አወርዳለሁ። ጥያቄውን አያለሁ፣ መልሱን አያለሁ፣ ቀጥዬ እሄዳለሁ። በቀን 30 ቃል ከነትርጉሙ እሸመድዳለሁ። በሳምንቱ 5 ይቀረኛል። ለምን እንደማይዘልቅ አልገባኝም ነበር። ትምህርት የተቋረጠባቸው ሳምንታትም ነበሩብን። እነሱን ለማካካስ ብዬ ይበልጥ እሮጣለሁ። ስሮጥ ደግሞ ይበልጥ ይጠፋኛል።

ለአባባ ማንበብ የጀመርኩት ለጥናት ብዬ አልነበረም። ዓይናቸው ደክሟል። ቀድሞ ማታ ማታ ዳዊታቸውን ይደግሙ ነበር። አሁን በቃላቸው ነው የሚሉት። አንድ ማታ እኔ ለብቻዬ ሳነበንብ ሰምተው "ምን ይላል?" አሉኝ። ስለ ንብ ነው አልኳቸው። "ስለ ንብ ምን ይላል?" ዝም አልኩ። አንብቤው ጨርሻለሁ። አራት ጥያቄም መልሼበታለሁ። ግን ምን እንደሚል መናገር አልቻልኩም። ደነገጥኩ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ፣ በዚህ ጊዜ ለእሳቸው።

ከዚያ ማታ ወዲህ በየቀኑ አንድ ምንባብ አነብላቸዋለሁ። ሰው ፊት ስትተረጉም መደበቂያ የለህም። የማታውቀውን ቃል ዘልለህ ማለፍ አትችልም፤ ወሬው ይቋረጣል። አባባም ወሬ ሲቋረጥባቸው አይወዱም።

አባባ የቅኔ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ ዓባይን ተሻግረው ጎጃም ወርደዋል። ዋሸራ ነው ቅኔ የተማሩት። እህል ለምነው፣ ውሻ አባሯቸው፣ ብርድ መትቷቸው። ይህን ሲያወሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እንዴት ይማሩ እንደነበር ግን ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር። ዘንድሮ ጠየቅኳቸው።

ማታ ማታ የግእዝ ግስና አገባብ ይጠናል አሉኝ። ጠዋት መምህሩ ቅኔ ይዘርፋሉ (እዚያው ደርሰው ይናገራሉ)፣ ምስጢሩን ይፈቱላቸዋል። ከዚያ ተማሪው ዛፍ ሥር ወይም ወንዝ ዳር ለብቻው ይቀመጥና የራሱን ይቆጥራል፣ ቅኔ ይደርሳል ማለት ነው። ሲመለስ ለመምህሩ ይነግራል። ስህተቱ እዚያው ይታረምለታል። ጀማሪ የሚነሳው ከጉባኤ ቃና ነው። ሁለት ቤት፣ ሁለት መስመር ብቻ ናት። ሁለቷን ሳያቀና ወደ ሌላው አያልፍም።

"ግስ ብቻ አጥንቶ ቅኔ የቆጠረ አላየሁም" አሉኝ። "አንቺ እስካሁን ስንት ቆጠርሽ?"

እንግሊዝኛ ከተማርኩ 12 ዓመት ሆኖኛል። በራሴ አሳብ፣ ማንም ሳያዘኝ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ግን ነበረኝ? አልነበረኝም። ያለኝ ማክበብ ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ።

ስለዚህ ጉባኤ ቃና ጀመርኩ። በቀን ሁለት ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ስለ ቤታችን፣ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ እማዬ። ሰኞ ሰኞ ለእንግሊዝኛ መምህሬ እሰጣታለሁ። ክፍላችን ውስጥ ከ60 በላይ ነን፤ የእኔን ተጨማሪ ደብተር የማየት ግዴታ የለባትም። ግን ታያለች። በቀይ አርማ ከግርጌው አንድ መስመር ትጽፍልኛለች። እግዜር ይስጣት።

የመጀመሪያው ቀይ ያረፈው "ሲንስ" ላይ ነው። ወንድሜ አዘዞ መሥራት ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው ልል ፈልጌ "ሲንስ ስሪ ይርስ" ብዬ ጻፍኩ። መምህሬ "ፎር" አደረገችው። ለምን? በአማርኛ "ከሦስት ዓመት ጀምሮ" እንላለን፣ "ከ2015 ጀምሮ"ም እንላለን። ያው "ከ" ነው። እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል። የተጀመረበት ነጥብ ከሆነ "ሲንስ"፣ የቆየበት ርዝመት ከሆነ "ፎር"። ይህን ደንብ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። የገባኝ ግን ስለ ወንድሜ ስጽፍ ነው።

ሌላው የንግግር ማሟያው ነው። በየዓመቱ ይመጣል። አንዱ ሰው "ውድ ዩ ማይንድ ኦፕኒንግ ዘ ዊንዶው?" ይላል። መልሱን ምረጥ ነው። እኔ ሁልጊዜ "የስ" ያለበትን አከብ ነበር። እሺ ማለት መስሎኝ። ለአባባ ስተረጉምላቸው "መስኮቱን ብትከፍት ቅር ይልሃል?" አልኳቸው። "ቅር ይልሃል ወይ ተብሎ አዎ ካለ፣ ቅር ብሎታል ማለት ነዋ" አሉ። አዎ! እሺ የሚል ሰው "ኖት አት ኦል" ነው የሚለው፣ ኧረ ምንም ቅር አይለኝም። እንዲሁ "አልመጣም እንዴ?" ስንባል እኛ "አዎ፣ አልመጣም" እንላለን። እንግሊዝኛው "ኖ" ነው። እኛ የምንስማማው ከጠያቂው ጋር ነው፤ እነሱ የሚመልሱት ነገሩን ራሱን ነው። ይህን አንዴ ካየህ በኋላ አትሳሳትም።

ከሁሉም ያስገረመኝ ግን የግእዙ ነገር ነው። ረዥም ዓረፍተ ነገር ሲመጣ አማርኛው ይዞርብኝ ነበር። እኛ "ትናንት ከገበያ የገዛሁት መጽሐፍ" እንላለን። መጽሐፉ መጨረሻ ነው የሚመጣው። እንግሊዝኛው መጽሐፉን አስቀድሞ የቀረውን ከኋላ ያስከትላል። ይህን እያማረርኩ ሳወራ አባባ ፈገግ አሉ። "ብእሲ ዘመጽአ" አሉ። የመጣው ሰው ማለት ነው። "ብእሲ" ሰውየው ቀድሟል። "ዘመጽአ" የመጣው የሚለው ተከትሏል። "ዘ" ያደረገችውን ነው እንግሊዝኛው "ሁ" እና "ዛት" የሚያደርጉት! በግእዝ እንዲህ እንደሆነ የሚያውቅ የዲያቆን ልጅ ክፍላችን ውስጥ ስንት አለ። ማንም አልነገራቸውም። እኔም ነገ እነግራቸዋለሁ።

አባባ አንድ ሌላ ነገር አስተማሩኝ። "ማሰሪያውን ፈልጊ" ይላሉ። የዓረፍተ ነገሩን ማሰሪያ አንቀጽ ማለታቸው ነው። ማን ምን አደረገ፣ እሱን ያዢ፣ የቀረው ልብሱ ነው። አሁን ምንባብ ሳነብ በእርሳስ ከማሰሪያው ሥር አሰምራለሁ። ሦስት መስመር የፈጀ ዓረፍተ ነገር እንኳ ይፈታልኛል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ግጥም ነበር። ሶኔት የሚባለው። አባባ መጀመሪያ የጠየቁኝ "ስንት ቤት ነው?" ብለው ነው። 14 አልኳቸው። ገረማቸው። "መወድስ የሚባለው ቅኔ እንኳ 8 ነው" አሉ። ቤቱ እንዴት እንደሚመታ ጠየቁኝ። አንዱ መስመር ካንዱ እየዘለለ ነው የሚገጥመው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን ርስ በርሳቸው ይገጥማሉ አልኳቸው። "ሁለቷ ጉባኤ ቃና ናታ! ምስጢሩን እዚያ ነው ያስቀመጠው።" እውነትም እዚያ ነበር። 12ቱ መስመር ስለ በጋና ስለ አበባ ያወራል። ሁለቱ ስለ ሰው ነው። አበባው ሰም፣ ሰውየው ወርቅ። ፈተናው ላይ "ገጣሚው ምን ማለት ፈልጎ ነው?" ሲል የሚጠይቀው ወርቁን ነው። እኔ ሰሙን እያከበብኩ ኖሬያለሁ።

ጓደኛዬ በዚህ አትስማማም። ከፒያሳ አብረን ስንመለስ ነገርኳት። ጊዜሽን እያባከንሽ ነው አለችኝ። ሐሳቧ ልክ ነው፣ አልካድኳትም። እጄ ላይ ካሉት የቆዩ የፈተና ወረቀቶች አንዱ 120 ጥያቄ አለው፣ የተሰጠው 2 ሰዓት ነው። ለአንዱ አንድ ደቂቃ። አንድ አንቀጽ ለሩብ ሰዓት የሚያወራ ሰው እንዴት ይደርሳል? ይህ ጥያቄ ሌሊት አስነስቶኛል።

ቅዳሜ ወረቀቱን ሰዓት ይዤ ሠራሁት። በመስከረም ሠርቼው 57 ነበር ያገኘሁት፣ 20 ጥያቄ ሳልነካ ነው ጊዜው ያለቀው። አሁን 83 አገኘሁ። ያልደረስኩባቸው 6 ናቸው። ያን ያህል ጊዜ ከየት እንዳተረፍኩ አሰብኩ። ምንባቡን አንዴ ነው ያነበብኩት። ቀድሞ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ተመልሼ ከላይ እጀምር ነበር። 83 ገና አይበቃኝም። የቃላት ክፍሉ አሁንም ይጥለኛል። የቀረው ስድስት ሳምንት ለእሱ ነው።

ፋሲል ግቢ ውስጥ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት አለ። በልጅነቴ በትምህርት ቤት ጉብኝት አይቼው ከሌሎቹ ሕንፃዎች ያንሳል ብዬ አልፌዋለሁ። ከፈተናው በኋላ አባባን ይዤ ልሄድ አስቤያለሁ። ዓይናቸው ባያየውም ግድግዳውን በእጃቸው ይንኩት።

ዛሬ ማታ ስለ ጉዞው አነሳሁባቸው። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፣ እዚያው እያደርን ነው የምንፈተነው። ብርድ ልብስ ስንይዝ፣ ስንቅ ስንይዝ፣ ስልክ ትተን ስንሄድ ነገርኳቸው። አባባ በጥሞና ሰሙኝ። እሳቸውም በልጅነታቸው ከቤት የወጡበትን ቀን ያሰቡ መሰለኝ።

"እዚያ ስትሆኚ ማታ ማታ ለማን ታነቢያለሽ?" አሉኝ።

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። መልስ አልነበረኝም። ራት ከበላን በኋላ ወጥቼ ለጓደኛዬ ደወልኩላትና ጥያቄያቸውን ነገርኳት። ትንሽ ቆየች።

"በቃ ለእኔ አንቢልኝ" አለችኝ። "ደግሞ ለምን እስከዚያ እንጠብቃለን? ነገ ማታ እናንተ ቤት እመጣለሁ።"