ጠባቧ ክፍልና ቶርኖዬ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሰርቪሷን ሳደራጅ ዋልኩ። 3 በ4 ሜትር ናት፤ እንጨት እያዞረ የሚያስቀርጸኝ ማሽን፣ የእንጨት ቶርኖው፣ ብቻ አንዱን ግድግዳ ይዞታል።

ለወራት መሮዎቹን ባልዲ ውስጥ አቁሜያቸው ነበር። ከነእጀታቸው ረጃጅም ናቸው፣ አንዱን ስስብ ሌላውን ይመታል። ትናንት ማታ ጎድጓዳውን መሮ ወደ አምፖሉ ጠጋ አድርጌ ሳየው ስለቱ ተሸርፏል። አንጀቴ አረረ!

የተራረፉ የፕላስቲክ ቱቦዎችን ቆራርጬ ዋንዛ ጣውላ ላይ በብሎን አሰርኳቸው። አሁን እያንዳንዱ መሮ እጀታው ወደ ታች፣ ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ የራሱ ጎጆ አለው። ጣውላውን ከቶርኖው ጎን እንጂ ከጀርባው አልሰቀልኩትም። በሚዞር እንጨት ላይ ተንጠራርቶ ዕቃ ማንሳት እጅጌን ያስይዛል፣ እጅንም ያስበላል። እንጨቱን ነክሰው የሚይዙትን ከባድ የብረት መንጋጋዎች ከቶርኖው እግር ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ ደረደርኩ፤ ክብደታቸው ንዝረቱን ቀንሶልኛል።

የቀረው እርጥቡ ወይራ ነው። እንዳይሰነጠቅ ጫፍና ጫፉን ሰም ቀብቼዋለሁ፤ ማስቀመጫ ግን አልነበረኝም። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣ «ልጄ፣ ከአልጋዬ ሥር አስገባው፤ እዚያ ፀሐይም ንፋስም አያገኘው» አለችኝ። አቅፌ ሳምኳት።