አትፍረዱባት

ጦሳ ተራራ ዛሬ ሙሉ ቀን ከጉም አልወጣም። የነሐሴ ደሴ እንዲህ ናት፤ ዝናቡ ቆም ቢል ጉሙ ይተካዋል፣ ጉሙ ገለጥ ቢል ዝናቡ ይመለሳል። ይህ ነው የምለው ምክንያት ሳይኖረኝ ከጠዋት ጀምሮ ሆድ ሲብሰኝ ዋለ። ማታ የወንድሜ ባለቤት ለነገ የሚሆን ምስር በሰፌድ ይዛ፣ አንዴ ወደ ሰፌዱ አንዴ ወደ ቴሌቪዥኑ እያየች ስትለቅም ቆየችና፣ በድራማው ውስጥ ልጇን በሕፃንነቱ ጥላ የሄደች እናት ከብዙ ዓመት በኋላ መጥታ በር ስታንኳኳ «ይህችም እናት ተብላ! አውሬ እንኳ ልጁን አይጥልም» አለች። ትልቋ ልጇም ቀበል አድርጋ «እኔ ብሆን በሩን አልከፍትላትም» አለች። እኔ ከማነበው ቀና ሳልል «አትፍረዱባት» አልኩ። ቃሉ የእኔ እንዳልሆነ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። የእትዬ ዘ. ቃል ነበር።

እትዬ ዘ. በቆርቆሮ አጥር የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን ነበሩ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት፣ «ገመና» በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይታይ በነበረበት ጊዜ፣ በአካባቢያችን ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ስለነበር ሰው ወደ እኛ ይሰበሰባል። እናቴ በክር የሠራችውን ዳንቴል ከቴሌቪዥኑ ላይ የምታነሣው ድራማው ሊጀምር ሲል ብቻ ነበር፤ ዳንቴሉን አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ ስታስቀምጥ ልጆች ሁሉ ዝም ማለት እንዳለብን እናውቃለን። ቡናው ከዚያ በፊት ተፈልቶ አቦሉና ቶናው ይጠጣል፣ በረካው ግን ሆን ተብሎ እንዲዘገይ ይደረግ ነበር፤ ምክንያቱም በረካ ሳይጠጣ የሚነሣ ሰው ስለሌለ፣ ድራማው ካለቀ በኋላ የሚቀርበው ስኒ ሰውን ሁሉ ለጨዋታ ያስቀምጠዋል። እኔ ከድራማው ይልቅ የምጠብቀው ያችን የበረካ ሰዓት ነበር።

ስለዚያ ድራማ ርዕስ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ገመና ማለት ከቤት መውጣት የሌለበት፣ ከሰው ዓይን እንዲሸፈን የሚለመንለት ጉዳት ነው። እኛ የሌላውን ቤት ገመና ለማየት የየራሳችንን ሸፍነን እንቀመጥ ነበር። ሆኖም ስለ ገዛ ቤቱ ትንፍሽ የማይል ሰው ስለ ድራማው ቤት ሲጠየቅ አንደበቱ ይፈታል። ባሏ በየቀኑ የሚያመሽባት ጎረቤታችን፣ በድራማው ውስጥ ባል ዘግይቶ ሲገባ ድምፅዋ ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር፤ ከወንድሙ ጋር በርስት የተካሰሰው ሰውዬ ደግሞ ወንድማማቾች ሲጣሉ አንገቱን ደፍቶ ወለሉን ያያል እንጂ አንድም አስተያየት አይሰጥም። ያን ጊዜ ልጅ ስለነበርኩ ሁሉም ስለ ድራማው የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር።

ቀጥሎ «ሰው ለሰው» መጣ። አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን ያላወቀ በከተማው አልነበረም፤ ሰው በስሙ ይሰዳደብ፣ በስሙም ይፈራራ ነበር። የበረካው ሸንጎ ግን በእሱ ጉዳይ ተስማምቶ አያውቅም። አባቴ ክፋቱን ትቶ አነጋገሩን ያደንቅ ነበር፤ «ቁጣውን ድምፁን ሳያነሣ በዓይኑ ብቻ ይጨርሰዋል» ይል ነበር፣ እውነቱንም ነው። እናቴ ደግሞ በእሱ የተነሣ የሚበደሉትን እየቆጠረች ስማቸውን ሳይቀር ትይዝላቸው ነበር። እትዬ ዘ. ግን ሁሉም ተናግሮ ሲያበቃ ስኒያቸውን እያሽከረከሩ «ይኼስ ማን አሳድጎት ይሆን?» ብለው ይጠይቃሉ። ስለ ክፉ ሰው የሚጠይቁት ሌላ ነገር አልነበረም።

ድራማው በሳምንት አንድ ጊዜ መታየቱ ደግሞ ለአስተያየታችን ጊዜ ይሰጠው ነበር። አንድ ክፍል ሲያልቅ የተሰጠ ፍርድ በማግሥቱ ቧንቧ ውኃ ስንቀዳ ይሻሻላል፣ ሰኞ ገበያ ላይ ከሌላ ሰፈር ሰው አስተያየት ጋር ይጋጫል፣ ሳምንቱ ሲያልቅም ያ በቁጣ የተፈረደበት ሰው ግማሽ ይቅርታ አግኝቶ ይቆየናል። መብራት በመካከል ሲጠፋማ ድራማውን የምንጨርሰው እኛው ነበርን፤ ኩራዝ ተለኩሶ እያንዳንዱ የመሰለውን መጨረሻ ይናገራል። አሁን የሚሠሩት ድራማዎች በምስል ጥራትም ሆነ በመብራት አጠቃቀም ከቀድሞዎቹ እጅግ እንደሚበልጡ አልክድም፤ የተዋንያኑም ችሎታ አድጓል። የሚጎድላቸው ለተመልካች ጥርጣሬ የሚተዉት ቦታ ነው። ክፉው ገና ሲገባ በሙዚቃው ይነገረናል፣ ደጉም ገና ሳይናገር በብርሃኑ ይታወቃል፤ ታሪኩም የሚዞረው በአንድ ትልቅ ግቢ፣ በአንድ ውርስና በአንድ ሽጉጥ ዙሪያ ነው። ከእኛ አካባቢ አነጋገር ያላት ሴት በድራማው ከታየች ብዙውን ጊዜ የምትገባው ትሪ ይዛ ነው። «እረኛዬ» በአርትስ ቴሌቪዥን ሲቀርብ ብዙዎቻችን ያን ያህል የወደድነው የገጠሩ ሰውና የገጠሩ አማርኛ ከጓዳ ወጥቶ መካከሉን ስለያዘ ይመስለኛል።

በመጋቢት 2008 ቃና ቴሌቪዥን ሥርጭት ሲጀምር፣ የውጭ ድራማ በአማርኛ እየተተረጎመ መቅረቡን የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች አጥብቀው መቃወማቸውን አስታውሳለሁ። በቤታችንም ክርክር ነበር፤ አባቴ ከባለሙያዎቹ ወገን ሆኖ «ልጆቻችን የሰው አገር ነውር ይማራሉ» ሲል፣ እናቴ ግን «ጥቁር ፍቅር» ከተጀመረ በኋላ በዚያ ሰዓት ከቤት አትወጣም ነበር። እኔን ያስገረመኝ አማርኛው በቱርኮቹ አፍ ላይ መቀመጡ ነው። ቱርክኛ እንደ አማርኛ ግሱን ወደ ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሚያመጣው፣ ተናጋሪዋ የምታለቅስበት ቃል በእኛም ቋንቋ መጨረሻው ላይ ይውላል። ሆኖም ቱርክኛ በተውላጠ ስሙ ወንድና ሴትን አይለይም፣ አማርኛ ደግሞ ከአንቱታ ውጭ ስለ አንድ ሰው ሳይለይ መናገር አይችልም፤ ስለዚህ ተርጓሚው ለእያንዳንዱ ቃል ጾታ መስጠት፣ ማን ለማን አንተ እንደሚል፣ ማን ለማን አንቱ እንደሚል መወሰን አለበት። እትዬ ዘ. ይህን ሁሉ ሳያውቁ ስሕተቱን የሚያገኙት በጆሯቸው ነበር። አንዲት ልጅ አባቷን «አንተ» ስትለው ይቆጡና፣ ቀጥሎ ያለውን ሁሉ ትተው «ያሳዘናት ነገር አለ፤ እንዲያው በከንቱ ከአንቱታ አልወረደችም» ይሉ ነበር።

ከተተረጎሙት ውስጥ በአንዱ፣ ዛሬ ማታ እንዳየነው ያለ ታሪክ ነበረበት፤ እናት ልጇን ለሰው ሰጥታ ትሄዳለች፣ ልጂቱ አድጋ ትፈልጋታለች። ለወራት ስንከታተለው ቤቱ በሙሉ በእናቲቱ ላይ ፈርዶ ነበር። እትዬ ዘ. ብቻ «አትፍረዱባት። ምን አይታ እንደሄደች ማን ያውቃል?» እያሉ ቆዩ፤ ከዚህ ያለፈ መከራከሪያ አቅርበው አያውቁም። በመጨረሻ ልጂቱ እናቷን የምታገኝበት ማታ ደረሰ። ሌላ ጊዜ የማይመጡ ሰዎች ሳይቀሩ መጥተው ክፍሉ ጢም ብሎ ነበር። በሩ ተከፍቶ ሁለቱ ሲተያዩ፣ ያን ያህል የተጠበቀው ጊዜ በመጣበት ቅጽበት፣ እትዬ ዘ. ከተቀመጡበት ተነሥተው የስኒውን ረከቦት ብድግ አደረጉና «እስቲ ይህን ልጠብ» ብለው ወደ ጓሮ ወጡ። እናቴ «ኧረ ይደረስበታል፣ ይቀመጡ!» ብትላቸውም አልሰሟትም። ሲመለሱ አልቆ ነበር። እንዴት እንዳለቀ አልጠየቁም፤ እኛም ሰው ሁሉ እያለቀሰ ስለነበር ልንነግራቸው አላሰብንም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለዋወጠ። በ2013 ጣቢያዎቹ ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲሻገሩ፣ ወደ ምዕራብ ያዩ የነበሩት የሰፈሩ ዲሾች ሁሉ ወደ ምሥራቅ ዞሩ፤ የእኛን ያዞረው ልጅ ጣራ ላይ ሆኖ «መጣ?» እያለ ሲጮህ ከታች ሆነው «አልመጣም! ትንሽ ጨምር!» እያሉ የሚመልሱለት እትዬ ዘ. ነበሩ። በተከታዩ ዓመት ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ደረሰ። እኛ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸን፤ እሳቸው ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው የትም አልሄዱም። ከተማዋ ያለ መብራትና ያለ ስልክ ከአንድ ወር በላይ ቆየች። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ በራችን ተሰብሮ ቴሌቪዥኑ ተወስዶ ነበር፤ የወሰደው ሰው ዳንቴሉን ጠረጴዛው ላይ ትቶታል። እናቴ ዳንቴሉን አንሥታ አራግፋ አጣጠፈችው እንጂ ስለ ቴሌቪዥኑ ምንም አልተናገረችም። እትዬ ዘ. ከስተው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መጡ፤ ስመውን፣ አልቅሰው፣ ትንሽ ሲረጋጉ መጀመሪያ የጠየቁን ነገር፣ ከመሸሻችን በፊት እንከታተለው በነበረው ድራማ ውስጥ ያለችው ልጅ ምን እንደደረሰች ነበር። ያን ጊዜ ጥያቄያቸው ገርሞኝ ነበር። አሁን አይገርመኝም፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ ደኅና መሆኗ ሊረጋገጥ የሚችል አንድ ሰው ቢፈልጉ ይገባኛል።

በዚያ የጨለማ ጊዜ ያደረጉትን የነገረኝ አብሯቸው የቆየው የጎረቤት ልጅ ነው። ማታ ማታ ልጆቹ ተኩስ እንዳይሰሙ በአንድ ክፍል ይሰበስቧቸውና ድራማ ይተርኩላቸው ነበር፤ «ሰው ለሰው»ንም፣ የቱርኮቹንም፣ አንዱን ከሌላው ሳይቀላቅሉ። ልጇን ትታ የሄደችውን እናት ታሪክም ነግረዋቸዋል። ልጁ ሲነግረኝ ግን የማውቀው ታሪክ አልነበረም። በእሳቸው አተራረክ እናቲቱ የምትመለሰው ልጂቱ አድጋ ሳይሆን ክረምቱ ሳይወጣ ነው፤ ሕፃኗም እዚያው ያስቀመጠቻት ቦታ፣ ያንኑ ጨርቅ እንደተጠቀለለች ትጠብቃታለች።

ከዛሬው ማታ ጀምሮ በአእምሮዬ የሚመላለሰው ይህ ነው። ስለ እትዬ ዘ. የማውቀውን ስሰበስበው ጥቂት ነው። ወደ ደሴ የመጡት በ1977 ከባቲ በኩል ነው። 1977 የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለኢሠፓ ምሥረታ በዓል በቀለም ማሰራጨት የጀመረበት ዓመት እንደሆነ አንድ ቦታ አንብቤአለሁ፤ በዚያው ዓመት ባቲና ኮረም መጠለያዎች የወሎ ሰው በየሌሊቱ ይረግፍ ነበር፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠረውም ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋና ወደ መተከል ለሰፈራ እየተጫነ ሲሄድ ብዙ ቤተሰብ ተበታትኖ ቀርቷል። ኮምቦልቻ የምትኖረው ልጃቸው የተወለደችው ከዚያ በኋላ፣ እዚሁ ደሴ ነው። ከዚያ በፊት ልጅ ነበራቸው ወይ ብሎ የጠየቃቸው ሰው መኖሩን አላውቅም። እናቴን ዛሬ ስጠይቃት «እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል?» ብላ ተቆጣችኝ፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ቢኖራቸውስ ምን ልታደርጊላቸው ነው?» አለችኝ።

አሁን ኮምቦልቻ ልጃቸው ዘንድ ናቸው፤ ታክሲ ተይዞ ቁልቁለቱን መውረድ ነው፣ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። በሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ። ስለ ዛሬው ድራማ አንሥቼ፣ እናቲቱ በር ላይ እንደቆመች እንደቀረች፣ በሩ ይከፈትላት እንደሆነም ያን ማታ እንዳላወቅን ልነግራቸው አስቤአለሁ። ምናልባት እሳቸው ሊናገሩ ከፈለጉ በዚያ በኩል ይናገራሉ፤ ካልፈለጉም ስለ ድራማ ተጫውተን፣ በረካውን ጠጥቼ እመለሳለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ያን ማታ፣ ሁለቱ ሲተያዩ ረከቦቱን ይዘው ወደ ጓሮ ሲወጡ፣ በረካው ገና አልቀረበም ነበር። የአቦሉንና የቶናውን ስኒዎች ድራማው ሳይጀምር ያጠብኳቸው፣ አድርቄም ረከቦቱ ላይ የደረደርኳቸው እኔ ነኝ። እትዬ ዘ. ያን ያህል ጊዜ ጓሮ የቆዩት ምን ሲያጥቡ ነው?