ድሪምላይነር ሐዋሳ ያርፋል ወይ?

ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ ቡና ስታፈላ ጎረቤታችን ጋሼ አይቀሩም። ዕድሜያቸውን በአሰብና በጅቡቲ መስመር ተሳቢ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ጉልበታቸው እምቢ ብሎ ቤት ውለዋል። የዛሬ ሁለት ሳምንት አቦሉን ሳይጨርሱ፣ «አንቺ የአፈር ሐኪም፣ ድሪምላይነር የሚሉት ትልቁ አውሮፕላን እዚህ ሐዋሳ ማረፍ ይችላል ወይስ አይችልም?» አሉኝ። ልጃቸው ከዋሽንግተን ልትመጣ ነው። ልጅ ለመቀበል ቦሌ ድረስ 275 ኪሎ ሜትር መሄድ ታክቷቸዋል።

«አይችልም» አልኩ። ሲኒዬን እንኳ አላስቀመጥኩም። ለምን ሲሉኝ «መንደርደሪያው አይበቃውማ!» ብዬ ዘጋሁት።

ማታ ተኝቼ ሳስበው የአፈር ሐኪሟ አፈረች። አሥራ አንድ ዓመት መንገድ ሥራ ላይ የአፈር ላብራቶሪ ቴክኒሺያን ነኝ። ማንም ሰው አንድ መንገድ በዓይኑ አይቶ «ይሄ ሲኖ አይችልም» ቢለኝ «በምን ለካኸው?» ነው የምለው። እኔ ግን በምን ለካሁት? በምንም። እናም ሳምንቱን ከሥራ መልስ ስልኬ ላይ ተተክዬ ከረምኩ።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደማውቀው፣ ወደ ጎማው ነው። እዚህ በየጊዜው የምናየው ቦምባርዲየር ኪው400 ሞልቶ ሲነሳ 29 ቶን ተኩል ያህል ነው፤ ዋና ጎማዎቹ አራት ናቸው። ድሪምላይነር 787-8 ከነጭነቱ እስከ 228 ቶን ሆኖ ይነሳል፤ ዋና ጎማዎቹ ስምንት። ክብደቱ ከሞላ ጎደል ሁሉ በዋናዎቹ ላይ ስለሚያርፍ ለቦምባርዲየሩ አንድ ጎማ ሰባት ቶን፣ ለድሪምላይነሩ አንድ ጎማ 26 ቶን ገደማ ይደርሰዋል። ለማነጻጸር፣ የጋሼ ተሳቢ አንዱ አክስል ላይ 10 ቶን ቢያርፍና አክስሉ አራት ጎማ ቢኖረው ለጎማ ሁለት ቶን ተኩል ነው። የአውሮፕላኑ ጎማ ንፋስ ደግሞ ከ200 ፒኤስአይ በላይ ነው፤ የከባድ መኪና ጎማ የዚያን ግማሽ ቢሆን ነው።

ይህን ጭነት አስፋልቱ ብቻውን አይሸከመውም። ከሥሩ ያለው አፈር ነው የሚሸከመው። አየር ማረፊያዎች የመንደርደሪያቸውን ጥንካሬ በአንዲት መስመር ይጽፉታል፤ ለምሳሌ «60/ኤፍ/ሲ/ደብሊዩ/ቲ» ዓይነት። ቁጥሩ አቅሙ ነው፣ «ኤፍ» አስፋልት ማለት ነው፣ «ሲ» የአፈሩ ደረጃ፣ «ደብሊዩ» የጎማ ንፋስ ገደብ የለውም ማለት። ከኅዳር 2017 ወዲህ የስሌቱ ዘዴ ተቀይሮ ቁጥሮቹም ተለውጠዋል፤ የመስመሩ አጻጻፍ ግን ያው ነው። በድሮው ዘዴ የአፈሩ ደረጃ የሚወሰነው በሲቢአር፣ ማለትም የአፈርን የመሸከም አቅም በሚለካ ምርመራ፣ ነበር፦ «ኤ» 15፣ «ቢ» 10፣ «ሲ» 6፣ «ዲ» 3። ይህን ሳነብ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ። ሲቢአር የዕለት እንጀራዬ ነው።

ለማታውቁት፦ አፈሩን የብረት ሞልድ ውስጥ በአምስት ድርብ እየጨመርን እያንዳንዱን ድርብ 56 ጊዜ በመዶሻ እንወቅጠዋለን። ከላዩ ክብደት ጭነን ውሃ ገንዳ ውስጥ አራት ቀን እንነክረዋለን። ከዚያ አንድ ወፍራም የብረት ዘንግ በደቂቃ 1.27 ሚሊ ሜትር እየገባበት ምን ያህል እንደሚቋቋም እናነባለን፤ 100 ማለት ከጥሩ የተፈጨ ድንጋይ እኩል ነው። ሚስጥሩ አራቱ ቀን ላይ ነው። የስምጥ ሸለቆ አፈር፣ ያ የእሳተ ገሞራ አመድና የሐይቅ ደለል ያለበት፣ ደረቅ ሆኖ ሲወቀጥ ድንጋይ ነኝ ሊልሽ ይችላል። ነክረሽ ስታወጪው ገንፎ ሆኖ ታገኚዋለሽ።

አንድ ፕሮጀክት ላይ (ስሙን ተዉት) አለቃዬ በሁለተኛው ቀን «አውጪው፣ ኮንሳልታንቱ ሪፖርት ይፈልጋል» አለኝ። አወጣሁት። ቁጥሩ አማረ። ክረምቱ ሳያልቅ መንገዱ እንደ አሮጌ ምጣድ ተሰነጣጠቀ። ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው።

ለዚህ ነው ከዚያች መስመር ውስጥ ዓይኔ የመጨረሻዋ ፊደል ላይ የቀረው። «ቲ» ከሆነች አቅሙ በጥናት ተሰልቷል ማለት ነው። «ዩ» ከሆነች ደግሞ «እስካሁን እንዲህ ያሉ አውሮፕላኖችን አስተናግዷል፣ ምንም አልሆነም» ማለት ነው። አንዱ ሚዛን ላይ የወጣ መኪና ነው፤ ሌላው «ትናንትም ይሄንኑ ጭኜ አልፌያለሁ» የሚል ሹፌር። ደግሞም ቁጥሩ የብረት አጥር አይደለም። በድሮው ደንብ አስፋልት ከሆነ አልፎ አልፎ እስከ 10 በመቶ ትርፍ ይፈቀድ ነበር። አንድ ቀን ከባድ አውሮፕላን ቢያርፍበት መንደርደሪያው አይሰምጥም፤ በየቀኑ ካረፈበት ግን ዕድሜው ያጥራል።

ከዚያ ወደ ርዝመቱ ተመለስኩ፤ ያ በችኮላ «አይበቃውማ» ያልኩት። ለካ ርዝመት ብቻውን ምንም አይናገርም። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ሳስቷል፣ ክንፉም ሞተሩም የሚይዙት ያንሳቸዋል። የቆየው የዲዛይን ደንብ በየ300 ሜትር ከፍታ ርዝመቱ ላይ 7 በመቶ ጨምር ይላል። ሙቀቱ ደግሞ በዚያ ከፍታ መሆን ከነበረበት በላይ በሆነ ቁጥር በየአንዱ ዲግሪ 1 በመቶ። በኛ ከፍታ «መሆን የነበረበት» 4 ዲግሪ ገደማ ነው። የየካቲትን ከሰዓት 30 ብዬ ያዝኩና ስልኬ ላይ መታሁት፦ ባሕር ዳርቻ በ15 ዲግሪ 2,000 ሜትር የሚበቃው አውሮፕላን እዚህ ለከፍታው ብቻ 2,800፣ ለሙቀቱ ሲጨመርበት ከ3,500 በላይ ይፈልጋል። ደግሞ ራሱ ደንቡ፣ ጭማሪው ከ35 በመቶ ካለፈ በኔ አትመኑ፣ ለብቻው አስጠኑ ይላል። ደንብ እንዲህ ሲል ደስ ይለኛል።

ይህ ሁሉ ግን ለሞላ አውሮፕላን ነው። መልሱ የጋሼ ልጅ በምትመጣበት መስመር ላይ ተቀምጦ ነበር። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚመጣው። ሲመለስ ግን ባለፉት ዓመታት አንዴ ደብሊን፣ አንዴ ሎሜ እያረፈ ነዳጅ ሲቀዳ ኖሯል። ቦሌ 3,800 ሜትር መንደርደሪያ አለው፤ ቢሆንም 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ ሰውም ጓዝም ያን ሁሉ ነዳጅም ይዞ መነሳት ይከብዳል። እና ጥያቄው «ማረፍ ይችላል?» አልነበረም። «ምን ጭኖ፣ ወዴት ይነሳል?» ነበር።

ታኅሣሥ 2006 ከአዲስ አበባ ወደ ኪሊማንጃሮ የሄደ 767 አውሮፕላን በስህተት አሩሻ አረፈ፤ መንደርደሪያው 1,620 ሜትር ብቻ ነው። አረፈ፣ ቆመ፣ ሊዞር ሲል ሣር ውስጥ ገባ። ከቀናት በኋላ ቀሎ ተነስቶ ወጣ። ማረፍማ አረፈ እኮ!

ሌላውን በሩጫ ልንገራችሁ። የክንፍ ስፋት፦ ቦምባርዲየሩ 28 ሜትር፣ ድሪምላይነሩ 60። መቆሚያ ላይ ጎን ለጎን ያሉትን ሁሉ ያስነሳቸዋል። የእሳት አደጋ መኪና፦ ደረጃው የሚወጣው በአውሮፕላኑ ርዝመትና ውፍረት ነው፤ ለቦምባርዲየር 6፣ ለ787-8 ደግሞ 8፤ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ መንደርደሪያው የትኛውም ጫፍ መድረስ አለባቸው። የመውረጃ ደረጃ፦ ቦምባርዲየሩ የራሱን በበሩ ላይ ይዞ ነው የሚዞረው፤ ድሪምላይነሩ ከውጭ ሰው ካላቀረበለት ሰዉ በር ላይ ቆሞ ሐይቁን ሲያይ ይውላል።

አባ ኮዳም አለ። አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ላይ፣ የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲጠብቅ የሚውለው ያ ራሰ በራ ትልቅ ወፍ። ፎቶ ሲያነሱት ደስ ይላል፤ ሞተር ውስጥ ሲገባ ግን አስቡት። መስከረም 1981 ባሕር ዳር ላይ አንድ 737 ሲነሳ እርግቦች ሞተሩ ውስጥ ገብተው 35 ሰው ሞቷል። እርግብ ናት እንግዲህ፤ አባ ኮዳ ስንት እርግብ ይወጣዋል?

በሚቀጥለው ቅዳሜ ይህን ሁሉ ለጋሼ ዘረገፍኩላቸው። አላቋረጡኝም፤ የጎማው ጋ ስደርስ ብቻ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ስለዚህ ቀሎ መጥቶ ቀሎ ከሄደ ሊሆን ይችላል ነው የምትይኝ?»

«አዎ ጋሼ። ከዚህ ተነስቶ ቦሌ ብቻ ከሆነ የሚሄደው፣ መሬቱም ከቻለው።»

«ለዚህች ለሐዋሳና ለቦሌ? ሲኖ ተኮናትሮ አንድ ኩንታል ጤፍ ማምጣት ማለት አይደለም እንዴ!» ሲኒያቸውን ለእናቴ አቀበሉ። «በይ እንግዲህ ሚኒባሱን ልነጋገር። አንቺም ትሄጃለሽ፤ ጎማውን ትቆጥሪልኛለሽ።»