ሕያው ድንጋይን ወደ ደሴ ማጓጓዝና ማጥራት

ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደሴ የጨው ውሃ አኳሪየም፣ ማለትም የባሕር ዓሣ ማኖሪያ የመስታወት ገንዳ፣ መያዝ ለብዙ ጎረቤቶቼ ቅብጠት ይመስላቸዋል፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ከባሕሩ ርቀት ይልቅ ያስቸገረኝ የአየሩ መሳሳት ነው፤ ይህም በይበልጥ የሚታወቀው ዓሣ ከመግባቱ በፊት፣ ላይቭ ሮክ የሚባለውን ሕያው ድንጋይ አጓጉዞ በማጥራት ሥራ ላይ ነው።

ሕያው ድንጋይ ኮራል ከሚባሉ፣ ከሞቱ የባሕር እንስሳት አጽም የተገነባ፣ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ካልሲየም ካርቦኔት ሲሆን፣ በላዩና በውስጡ ባክቴሪያ፣ ስፖንጅ የሚባል የባሕር እንስሳ፣ ትላትልና ሐምራዊ አልጌ ይኖሩበታል። ኦክስጅን በሚያገኘው ገጽታው ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ከዓሣው የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ሲለውጡት፣ ኦክስጅን በማይደርስበት ጥልቅ ክፍሉ ያሉት ደግሞ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይቀይሩታል። በአካባቢያችን እንደ ልብ የሚገኘው ጥቁር ድንጋይ በአብዛኛው ባዛልት የሚባል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ ይህን አይተካም።

ጠንካራ አጽም ያላቸው ኮራሎችም ሆኑ በእነርሱ የተሠራው ሕያው ድንጋይ ሊጠፉ የተቃረቡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በሳይትስ ሁለተኛ አባሪ፣ ሥር ይወድቃሉ፤ ኢትዮጵያም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። በዚህ ምክንያት ከቀይ ባሕር ዳርቻ ያለ ፈቃድ የመጣ ድንጋይ ከመግዛት ይልቅ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አኳሪየሙን ከሚያፈርስ ሰው የቆየ ድንጋይ መረከብ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከአዲስ አበባ ደሴ ያለው 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በሰዓት ቢለካ ድንጋዩን የሚያሰጋው አይደለም፤ በአግባቡ የረጠበ ድንጋይ ከአንድ ቀን በላይ ሊቆይ ይችላል። ችግሩ የሙቀት መለዋወጥ ነው። መኪናው ደብረ ብርሃንን አልፎ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ጣርማ በር ሲወጣ ብርዱ ይበረታል፤ ቁልቁል ወርዶ 1,300 ሜትር አካባቢ ወዳለው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ደግሞ ሙቀቱ ያፍናል፤ ከከሚሴና ከኮምቦልቻ በኋላም የሐረጎን ዳገት ወጥቶ እንደገና ወደ ብርድ ይገባል። ስለዚህ ድንጋዩን በጨው ውሃ በተነከረ ጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በፕላስቲክ ከረጢት ሸፍኖ፣ ክዳኑ በሚገጥም የስታይሮፎም ሳጥን ውስጥ መደርደር ያስፈልጋል፤ ሳጥኑም በመኪናው ጣሪያ ላይ ሳይሆን በውስጥ መጫን አለበት። ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ዘፍቆ መውሰድ የተሻለ ጥንቃቄ ይመስላል፤ ነገር ግን ባልተንቀሳቀሰ ውሃ ውስጥ ኦክስጅኑ ቶሎ ያልቃል፣ ከሚሞተው ነገር የሚወጣው አሞኒያም እዚያው ይጠራቀማል። እርጥብ ጋዜጣ ውስጥ ያለ ድንጋይ ግን ከአየር ጋር ይገናኛል።

ምንም ያህል ቢጠነቀቁ በመንገድ ላይ የሚሞት ነገር አይጠፋም፤ ስፖንጅ በተለይ አየር ሲነካው ይበላሻል። ማጥራት ማለት ይህ የሞተው ነገር አኳሪየሙ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በሌላ ዕቃ፣ ለምሳሌ የጨው ውሃ በያዘ በርሜል፣ በስብሶ እንዲያልቅ ማድረግ ነው። ጓንት አድርጎ ነጭ ወይም ግራጫ ሆኖ የተዝለገለገውን ክፍል በብሩሽ መፋቅና በጨው ውሃ ማለቅለቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ድንጋዩን ለማጽዳት ብሎ መቀቀል ግን ፈጽሞ አይገባም፤ አንዳንድ ኮራል መሰል ፍጥረታት ፓሊቶክሲን የሚባል ብርቱ መርዝ ስለሚይዙ፣ ከእንፋሎቱ ጋር ወጥቶ ቤተሰብ ሁሉ ሆስፒታል የገባባቸው አጋጣሚዎች በውጭ አገር ተመዝግበዋል።

የደሴ ከፍታ ዋጋ የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ውሃም ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ በባሕር ዳርቻ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ የጨው ውሃ በሊትር 7 ሚሊግራም የሚጠጋ ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ ወደ 5 ይወርዳል። ፓምፕ መጨመር ውሃው ወደዚህ ጣሪያ ቶሎ እንዲደርስ ያደርጋል እንጂ ጣሪያውን ከፍ አያደርገውም። የሚበሰብሰው ነገር ደግሞ ኦክስጅን በላተኛ ነው። ስለዚህ መፍትሔው ፍጆታውን መቀነስ ነው፤ ፍቆ ማስገባት፣ በአንድ በርሜል ብዙ ድንጋይ አለማጨቅ፣ ሙቀቱን ከ25 ዲግሪ ብዙ አለማሳለፍ፣ ውሃውንም ቶሎ ቶሎ መለወጥ። ኮምቦልቻ 1,900 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ከእኛ ትሻላለች፤ ቤቱ የሚፈቅድለት ሰው እዚያ አጥርቶ ቢያመጣ አልቃወምም።

መብራት ሲጠፋ ቅድሚያ የሚሰጠው ለማሞቂያው ሳይሆን ለአየሩ ነው። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ማዘጋጀት ይገባል፤ የበርሜሉን ጎን በብርድ ልብስ መጠቅለል የኅዳርና የታኅሣሥን ሌሊት ያስታግሳል፣ አፉ ግን ክፍት መሆን አለበት።

ውሃውን በተመለከተ፣ ክሎሪኑ በተጣራ ውሃ ውስጥ በሊትር 35 ግራም ያህል የአኳሪየም ጨው ይሟሟል። የአፍዴራ ጨው ለወጥ እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ ማግኒዥየሙና ካልሲየሙ በባሕር ውሃ መጠን የለበትም። በርሜሉ አልጌ እንዳይወርረው ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል።

ከቆየ አኳሪየም የወጣና ብዙም ያልተጎዳ ድንጋይ በሳምንት ገደማ ሊጠራ ይችላል፤ ከባሕር በቀጥታ የወጣ ግን እስከ ስድስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለው ሽታ መጥፋቱ ደግ ምልክት ቢሆንም በእሱ ብቻ መወሰን አይቻልም። አሞኒያም ናይትራይትም በተከታታይ ቀናት ዜሮ ሲነበቡ፣ የተጠራቀመውን ናይትሬት ለመቀነስ አብዛኛው ውሃ ይቀየርና ድንጋዩ ወደ አኳሪየሙ ይገባል፤ ከዓሣ በፊት ግን ጥቂት ቀንድ አውጣዎች ገብተው ቢቆዩ እመርጣለሁ።