ውሃው ራሱ ሲጠጣ

አምና አራት ኪሎ አካባቢ፣ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ለሚሠራ አንድ ድርጅት ድምፅ እቀዳ ነበር። ስቱዲዮ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ የተቸነከረበት ጠባብ ክፍል ነው። በሩ ቢዘጋም «ፒያሳ! ፒያሳ!» የሚለው የታክሲ ረዳት ከአንባቢው እኩል ማይኩ ውስጥ ይገባል።

አንባቢያችን ጡረታ የወጡ የአማርኛ አስተማሪ ናቸው። 600 አጫጭር ዓረፍተ ነገር አነበቡልን። ጋሼ አይቸኩሉም፤ በየመሀሉ ይተነፍሳሉ፣ መነጽር ያስተካክላሉ፣ ገጽ ይገልጣሉ። አለቃዬ ደግሞ «አጽዳና አስረክብ» እያለ ነዘነዘኝ። እኔም ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። ዝምታ የሚቆርጥ ፕሮግራም አገኘሁና ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ የሆነውን ጸጥታ ሁሉ ወደ 50 እንዲያሳጥር አዝዤው፣ ማታ ኮምፒውተሩን ሳላጠፋ ወደ ቤቴ። ጠዋት ስመጣ አልቋል። የዚያን ቀን ማኪያቶው ራሱ ጣፈጠኝ።

ከሰዓት ጋሼ መጡ። ሥራዬን ላሳያቸው ብዬ ማዳመጫውን ሰጠኋቸው። ትንሽ ሰሙና ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ውሃ ምን ነካው?»

«የቱ ውሃ ጋሼ?»

«‹ይህ ውሃ ይጠጣል› ብዬ ነበር ያነበብኩት፣ ንጹሕ ነው ለማለት። አሁን ግን ውሃው ራሱ ጠምቶት ሲጠጣ ነው የምሰማው።»

ሳቅኩ። ከዚያ ሰማሁት። ሳቄም ቆመ። የመጀመሪያዋ «ጠ» መጥበቅ ነበረባት፤ ላልታለች።

ፕራትን ከፈትኩ። የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲዎቹ ፖል ቦርስማና ዴቪድ ዊኒንክ የሠሩት፣ በነፃ የሚገኝ የድምፅ መለኪያ ነው። ድምፁን በሥዕል ዘርግቶ ያሳያችኋል፤ አናባቢው ጥቁር ሸንተረር ሆኖ ይታያል፣ «ጠ» ጋ ሲደርስ ግን ነጭ ባዶ ቦታ፣ ከዚያ አንዲት ቀጭን ቀጥ ያለች መስመር፣ ከዚያ እንደገና ትንሽ ነጭ።

ምክንያቱ ጉሮሮ ውስጥ ነው። «ጠ» ስንል ምላስ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ይለጠፋል፣ ታች ደግሞ የድምፅ አውታሮቹ ግጥም ይላሉ። በሁለቱ መሀል የታፈነውን አየር ማንቁርት ወደ ላይ ከፍ ብሎ ይጨምቀዋል፤ ምላስ ሲለቅ ጧ ይላል። የሳንባ ትንፋሽ እጁ የለበትም። ካላመናችሁ ትንፋሻችሁን ያዙና «ጥ» በሉ። ይወጣል። አሁን «ፍ» ሞክሩ እስቲ። ወይ ፍንክች!

ታዲያ ምላስ እስኪለቅ ድረስ የሚሰማ ነገር የለም። «ጠ» ሲጠብቅ የሚረዝመው ደግሞ ይሄው የማይሰማው ክፍል ነው። «ፈ» ብትጠብቅ ፍፍ እያለች ትሰማለች፤ ለዚህ ነው ልብስ ሰፊውና ሰፊው መንገድ ከእኔ ጉድ የተረፉት። «ጠ»፣ «ተ»፣ «ቀ» እና «ከ» ግን አለቁ። የጋሼን «ጠ» ከመቅረጫው ካርድ ላይ ፈልጌ ለካሁት፤ ዝምታው 170 ሚሊ ሰከንድ። እኔ «ካጸዳሁት» በኋላ 50። የታዘዘውን አንድም ሳያጓድል ነው የፈጸመው፣ መቼስ።

የባሰው ነገር፣ የተቆረጠውን በዋናው ፋይል ላይ ነበር የደረብኩት። ካርዱ ላይ የቀረው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። ለአለቃዬ እንዴት እንደነገርኩት ባልነግራችሁ ይሻላል። ጋሼ ድጋሚ ለማንበብ ተስማሙ፣ ሻይና ሳምቡሳው በእኔ ሒሳብ ሆኖ። እኔም ከዚያ ወዲህ ሥዕሉን እያየሁ፣ የዓረፍተ ነገሩን ጫፍና ጫፍ ብቻ በእጄ እቆርጣለሁ፤ ያሰለቻል፣ ዓይን ያደክማል።

ያቺ ዓረፍተ ነገር ስትደርስ ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። «ይህ ውሃ ይ...» አሉና ምላሳቸውን ለጥፈው፣ ሆን ብለው፣ ረዘም አድርገው ያዟት። ክፍሉ ጸጥ አለ።

«ፒያሳ!» አለ ረዳቱ።

እንደገና ቀዳን።